የስካር ልክ፦ ትንፋሽ የደምን ቦታ እንዴት ወሰደ

በሰው ደም ውስጥ ምን ያህል አልኮል እንዳለ ለማወቅ ቀጥተኛው መንገድ ደሙን ቀድቶ መመርመር ነው። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች ትራፊክ ፖሊስ የጠረጠረውን አሽከርካሪ መንገድ ዳር ሲያስቆም መርፌ አይዝም፤ የሚያቀርብለት የሚነፋ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ትንፋሽ ይህን ቦታ ያገኘው ከደም የበለጠ ትክክለኛ ስለሆነ አይደለም። በላቦራቶሪ ሚዛን ደም አሁንም የመጨረሻው ዳኛ ነው። የትንፋሽ ብልጫ ሌላ ነው፤ ምርመራው ሐኪም አይጠይቅም፣ ቆዳ አይበሳም፣ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል፣ ካጠራጠረም እዚያው ይደገማል። እነዚህ ጥቅሞች ግን በአንድ ጊዜ የተገኙ አይደሉም። የሳንባን አየር ለፍርድ ቤት የሚበቃ ማስረጃ ለማድረግ ኬሚስቶች፣ ፖሊሶችና ሕግ አውጪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ለፍተዋል።

ከልኬት በፊት ስካር የሚዳኘው በዓይንና በአፍንጫ ነበር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የመጠጥ ፈቃድ ሕግ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሠረገላ፣ ፈረስ፣ ከብት ወይም የእንፋሎት ሞተር ይዞ በአውራ ጎዳና ላይ ሰክሮ የተገኘን ሰው ይቀጣ ነበር። ስካር የሚባለው ከየት እንደሚጀምር ግን አልተናገረም። አውቶሞቢል ከመጣ በኋላም ነገሩ ለረጅም ጊዜ ያው ነበር። ፖሊሱ ተጠርጣሪውን ጣቢያ ያደርሰዋል፤ የተጠራው ሐኪም አፉን ያሸታል፣ መስመር ላይ ያስኬደዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን በጣቱ እንዲነካ ያዘዋል፣ ስሙን ያስጽፈዋል፣ ምላስ የሚያስር ሐረግ ያስደግመዋል። ችሎት ሲቀርብ ክርክሩ የአንድ ሐኪም ቃል በሌላ ሐኪም ቃል ላይ ይሆናል፤ ገንዘብ ያለው ተከሳሽ የራሱን ሐኪም ይዞ ይመጣልና። በዚህ ዘዴ የሚሳሳቱት በሁለቱም በኩል ነበር። ጭንቅላቱን የተመታ ወይም የደም ስኳሩ የወረደበት ሰው ሰካራም ይመስላል። መጠጥ የለመደ ደግሞ ሌላውን ሰው የሚጥል ያህል ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ይራመዳል።

ስካርን በቁጥር የመለካት ሥራ መልክ የያዘው በስዊድን ነው። በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኤሪክ ዊድማርክ በ1922 ጥቂት የደም ጠብታዎች ብቻ የሚፈልግ ዘዴ አሳተመ። ደሙ በትንሽ ጽዋ ተደርጎ፣ ፖታሲየም ዳይክሮሜትና ሰልፈሪክ አሲድ ከያዘ ጠርሙስ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ይንጠለጠላል። ጠርሙሱ ተከድኖ በሞቀ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ አልኮሉ ከደሙ ተንኖ ከፈሳሹ ጋር ይዋሃዳል፤ ሳይለወጥ ከቀረው ዳይክሮሜት የአልኮሉ መጠን ይሰላል። ዊድማርክ ከዚህም አልፎ አልኮል በሰውነት ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ አጠና። የሰሜን አውሮፓ አገሮች ሕጋቸውን ያቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው። ኖርዌይ በ1936 በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ይዞ ማሽከርከርን፣ የአሽከርካሪው ሁኔታ ምንም ቢመስል፣ በራሱ ወንጀል አደረገች። ስዊድን በ1941 በ0.8 ግራም ተከተለች።

ዘዴው ትክክለኛ ቢሆንም ከመንገድ ሥራ ጋር አልተስማማም። ደም የሚቀዳ ባለሙያ መፈለግ፣ ተጠርጣሪውን እሱ ዘንድ ማድረስ፣ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ መላክ፣ ከዚያም ውጤቱን ለቀናት መጠበቅ ግድ ነበር። የሚባክነው ጊዜ ደግሞ ራሱ ማስረጃውን ይበላል። የአብዛኛው ሰው አካል በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ገደማ አልኮል ያቃጥላል። እኩለ ሌሊት ላይ በገጠር መንገድ ሲያዝ 0.9 ግራም የነበረው ሰው ሐኪሙ በሁለት ሰዓቱ ቢደርስለት 0.6 ይገኝበታል፤ ሕጉ 0.8 ከሆነ በነፃ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። ናሙናውም ጥንቃቄ ይሻል። ቆዳውን በአልኮል የጠረገ ነርስ ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል። የሚያቆየው ጨው ያልገባበትና በሙቀት የተቀመጠ ደም ደግሞ በራሱ ጊዜ ፈልቶ አልኮል ሊያወጣ ይችላል። በዚህ ላይ መርፌ የሚፈራው፣ ደሙ እንዲነካ ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት፣ ወይም በቀላሉ እምቢ የሚለው ሰው አለ።

አልኮል በትንፋሽ እንደሚወጣ ግን ከዊድማርክ በፊት ይታወቅ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ አንስቲ በ1874 ባሳተመው ጥናት፣ ከተጠጣው አልኮል ጥቂቱ በትንፋሽና በሽንት እንደሚወጣ አሳየ። የሚገርመው፣ የእርሱ ፍላጎት ይህ አልነበረም። አልኮል በሰውነት ውስጥ አይቃጠልም የሚሉትን መርታት ነበር የፈለገው፤ በትንፋሽ የሚወጣው እጅግ ጥቂት መሆኑም ለእርሱ የዚያ ማረጋገጫ ነበር። ለትንፋሽ ምርመራ ሥር የሆነው ያ ጥቂት ነገር ነው።

ከአልኮሉ ጥቂት ክፍል በትንፋሽ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ መጠኑ ከደሙ ጋር ቋሚ ዝምድና ሊኖረው ይገባል። ዝምድናውን የሚሰጠው የእንግሊዛዊው ኬሚስት የዊልያም ሄንሪ ሕግ ነው። ሄንሪ በ1803 እንዳስረዳው፣ በፈሳሽ የሟሟ ነገር ከላዩ ካለው አየር ጋር በተወሰነ የሙቀት መጠን ቋሚ ሬሾ ይይዛል። በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ግድግዳቸው እጅግ ቀጭን ነው፤ በግድግዳው ማዶ ደም ይፈሳል። በደሙ ያለው አልኮል ያንን ግድግዳ አልፎ ወደ አየሩ ይተናል። ስለዚህ ሰውየው አየሩን እስከ መጨረሻው ሲያስወጣ፣ ከጥልቅ ሳንባ የሚመጣው የመጨረሻው ትንፋሽ የደሙን ሁኔታ ይዞ ይወጣል። የስዊድን ተመራማሪዎቹ ሊልየስትራንድና ሊንደ በ1930 ሬሾውን ለኩ፤ 2,000 ለ1 ገደማ ሆኖ አገኙት። በኋላ በአሜሪካ የጸናው ቁጥር 2,100 ለ1 ነው። 2,100 ሚሊ ሊትር የጥልቅ ሳንባ አየር የሚይዘው አልኮል 1 ሚሊ ሊትር ደም የሚይዘውን ያህል ነው ማለት ነው።

ሐሳቡን በተግባር ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ የሎስ አንጀለሱ ሐኪም ኤሚል ቦገን ነው። በ1927 ባወጣው ጥናት፣ ታካሚዎቹን በእግር ኳስ የውስጥ ፊኛ ውስጥ እያስነፋ ትንፋሻቸውን በዳይክሮሜትና በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አሳለፈ። አልኮል ሲገባበት ቢጫው ፈሳሽ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ስለሚያደላ፣ ቀለሙን አስቀድሞ ከተዘጋጁ ናሙናዎች ጋር አስተያየ። ከዚህ የቀለም ለውጥ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የመጡት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ኬሚስትሪ የተከተሉ ናቸው።

ለፖሊስ እጅ የበቃው የመጀመሪያው መሣሪያ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው የባዮኬሚስትሪ መምህር የሮላ ሃርገር ሥራ ነው። ሃርገር በ1931 የጀመረውን መሣሪያ «ድራንኮሜትር» ብሎ ሰየመው፤ በ1936 የባለቤትነት መብት አገኘበት። የኢንዲያናፖሊስ ፖሊስ በ1938 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሥራ ላይ አዋለው። ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። ተጠርጣሪው ፊኛ ይነፋል፤ አየሩ ሐምራዊ በሆነ የፖታሲየም ፐርማንጋኔትና የአሲድ ውህድ ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል፤ ቀለሙ የተወሰነለትን ያህል ሲደበዝዝ ያለፈው አየር መጠን ይለካል። ቶሎ ከደበዘዘ ሰውየው ብዙ ጠጥቷል። የሃርገር ብልሃት ግን በሌላ በኩል ነበር። ሰው ፊኛ ሲነፋ የአፍና የጉሮሮ አየርም ይቀላቀላል። ምን ያህሉ ከጥልቅ ሳንባ እንደመጣ ለማወቅ ሃርገር በትንፋሹ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለካ፤ በጥልቅ ሳንባ ያለው ይህ ጋዝ ከሰው ሰው ብዙም የማይለያይ ነውና። መሣሪያው ከሐኪም አላቀቀ እንጂ ከኬሚስት አላላቀቀም። የሚመዘን ቱቦ፣ የሚዘጋጅ ፈሳሽ፣ በእርሳስና በወረቀት የሚሠራ ስሌት ነበረው። ያም ሆኖ የኢንዲያና ምክር ቤት በ1939 በኬሚካል ምርመራ ላይ የቆመ ሕግ አወጣ። በአንድ ሊትር ደም ከ1.5 ግራም በላይ ሲገኝ አሽከርካሪው እንደሰከረ ይገመታል፣ ከ0.5 በታች ከሆነ እንዳልሰከረ፤ በመካከሉ ያለው ከሌላ ማስረጃ ጋር ይታያል። ዛሬ ሲታይ ልቅ የሆነ ገደብ ነው።

ኬሚስቱን ከጣቢያው ያስወጣው ፖሊስ ነው። ሮበርት ቦርከንስታይን በ1936 ወደ ኢንዲያና ግዛት ፖሊስ ላቦራቶሪ የገባው ከፎቶግራፍ ሙያ ነው፤ በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ዲግሪ አልነበረውም። ከሃርገር ጋር ፖሊሶችን ለድራንኮሜትር ሲያሠለጥን ዓመታት ስላሳለፈ የመሣሪያውን ችግር በእጁ ያውቀዋል። በ1954 ያወጣው «ብሬዛላይዘር» የፎቶግራፈርን ሐሳብ የያዘ ነው፤ የቀለሙን ለውጥ የሚዳኘው የሰው ዓይን ሳይሆን ብርሃንና የብርሃን ሴል ሆነ።

አሠራሩ በቅርብ ሲታይ ቀላልነቱ ያስደንቃል። በሳጥኑ ላይ ሁለት ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች ይቀመጣሉ፤ በሁለቱም ቢጫ የዳይክሮሜት ፈሳሽ አለ፣ መካከላቸው አምፖል ይበራል። መርማሪው አስቀድሞ የጠቋሚውን ቀስት ዜሮ ላይ ያመጣል። ተጠርጣሪው ሲነፋ በሞቀ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ፒስተን ወደ ላይ ይነሳል፤ የመጀመሪያው አየር በጎን ቀዳዳ አምልጦ ከመጨረሻው ትንፋሽ 52.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ይያዛል። ማዞሪያው ሲዞር ፒስተኑ በክብደቱ ወርዶ ያንን አየር በአንደኛው ብልቃጥ ውስጥ አረፋ እያስደፈቀ ያሳልፈዋል። ፈሳሹ እስኪዋሃድ 90 ሰከንድ ይጠበቃል። አልኮል ካለ የዚያ ብልቃጥ ቢጫነት ስለሚሳሳ ብርሃን በብዛት ያልፍበታል፤ ቀስቱም ከዜሮ ይወጣል። መርማሪው አምፖሉን አንሸራቶ ቀስቱን ወደ ዜሮ ሲመልሰው፣ አምፖሉ የተጓዘው ርቀት በደም አልኮል መጠን የተሰመረ ሰሌዳ ላይ ይነበባል። 52.5 የሚለው ቁጥርም በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ የ2,100 አንድ አርባኛ ነው። በብልቃጡ ያለፈው አየር የአንድ ሚሊ ሊትር ደም አርባኛ እጅ የሚይዘውን አልኮል ይይዛል፤ ስሌቱ በብረትና በመስታወት ውስጥ ስለተሠራ ፖሊሱ የሚያሰላው ነገር የለም።

ብሬዛላይዘር የፖሊስ መሣሪያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አልኮል አደጋን በምን ያህል እንደሚያበዛ ለማወቅ አደጋ የደረሰባቸውን አሽከርካሪዎች ብቻ መመርመር አይበቃም፤ በዚያው መንገድ በዚያው ሰዓት በሰላም የሚያልፉትንም መመርመር ያስፈልጋል። በሰላም ከሚያልፍ ሰው ደም መለመን የማይታሰብ ነው። ትንፋሹን ግን ይሰጣል። ቦርከንስታይን የመራው፣ በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስ ከተማ በ1962ና በ1963 የተካሄደው ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ አሽከርካሪዎችን ከሁለቱም ወገን መርምሮ በ1964 ወጣ። በአንድ ሊትር ደም ከ0.8 ግራም በላይ የአደጋው ዕድል በፍጥነት እንደሚያሻቅብ አሳየ። ብዙ አገሮች ገደባቸውን 0.8 ላይ ሲያደርጉ ያመኑት በዚህ ጥናት ነው። ትንፋሽ ለሰው ልጅ ከሰጠው አገልግሎት ምናልባት ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነሳም።

ብሪታንያ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘች። የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ያስጸደቀችው የመንገድ ደህንነት ሕግ ጥቅምት 9 ቀን 1967 ሥራ ላይ ሲውል ገደቡ 0.8 ግራም ሆነ። ካስል ራሷ መኪና የማትነዳ ሴት መሆኗ ለተቃዋሚዎቿ መሳለቂያ ሆኖ ነበር፤ የስድብ ደብዳቤም ጎርፎላታል። ፖሊሱ የያዘው መሣሪያ የጀርመኑ የድሬገር ኩባንያ ከ1953 ጀምሮ የሚሠራው «አልኮቴስት» ነው። የመስታወት ቱቦ ሁለቱ ጫፎቹ ተሰብረው በአንዱ በኩል የአፍ መያዣ፣ በሌላው የፕላስቲክ ከረጢት ይገጠምለታል። አሽከርካሪው ከረጢቱን በአንድ ትንፋሽ ይሞላል፤ በቱቦው ያሉት ቢጫ ቅንጣቶች አረንጓዴ ሆነው ከመስመሩ ካለፉ ወደ ጣቢያ ይወሰዳል። ጣቢያ ሲደርስ ግን ሕጉ የሚያምነው አሁንም ደምን ወይም ሽንትን ነበር፤ ትንፋሽ የማጣሪያ በር ብቻ ነው። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት የመንገድ ሞት ከቀደመው ዓመት በ1,152 ቀነሰ። ሆኖም አሽከርካሪዎች የመያዝ ዕድላቸው ጠባብ መሆኑን እያወቁ ሲሄዱ የሕጉ ፍርሃት ከዓመት ዓመት ደበዘዘ።

ቱቦውን ያስቀረው ኤሌክትሪክ ነው። የዌልሱ ኬሚስት ቶም ፓሪ ጆንስ ከባልደረባው ጋር በ1967 ያቋቋመው ላየን ላቦራቶሪስ በ1970ዎቹ አጋማሽ በእጅ የሚያዝ ኤሌክትሮኒክ መመርመሪያ አወጣ። በውስጡ ያለው ፊውል ሴል አልኮልን በፕላቲነም ላይ ወደ አሴቲክ አሲድ ሲለውጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ያመነጫል፤ አልኮሉ ሲበዛ ጅረቱ ይበረታል። የሚሰበር መስታወት፣ የሚጣል ኬሚካል፣ በዓይን የሚገመት ቀለም ቀረ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ኢንፍራሬድ ብርሃንን የሚጠቀሙ መሣሪያዎች መጡ። የአልኮል ሞለኪውል 3.4 እና 9.5 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር ስለሚውጥ፣ በትንፋሹ ውስጥ ያለፈው ጨረር ምን ያህል እንደጎደለ ይለካል። መሣሪያው ሰውየው ሲነፋ እያንዳንዱን ቅጽበት ስለሚከታተል፣ ንባቡ ከፍ እያለ ሄዶ ሲረጋ የጥልቅ ሳንባው አየር እንደደረሰ ያውቃል።

እነዚህ መሣሪያዎች ትንፋሽን ከማጣሪያነት ወደ ማስረጃነት አሳደጉት። ብሪታንያ በ1981 ያወጣችው ሕግ በ1983 ሥራ ላይ ሲውል ገደቡን በቀጥታ በትንፋሽ ጻፈው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ 35 ማይክሮግራም። ቁጥሩ የተገኘው የደሙን ገደብ ለ2,300 በማካፈል ነው። ሕጉ አንዴ ከጸደቀ በኋላ ግን ወደ ደም መመለስ አላስፈለገም፤ «የእኔ ሬሾ 2,300 አይደለም» የሚለው ክርክር መሠረቱን አጣ። በአሜሪካም ብዙ ግዛቶች በ210 ሊትር ትንፋሽ ስንት ግራም የሚል ገደብ ጨመሩ። እንግሊዞች ግን ለጥንቃቄ አንድ ቀዳዳ ትተው ነበር። ሁለት ጊዜ ተነፍቶ ዝቅተኛው ንባብ ይያዛል፤ እሱም ከ50 ካልበለጠ ተከሳሹ በደም ወይም በሽንት ይተካልኝ ማለት ይችል ነበር። ይህ መብት የተሰረዘው በ2015 ነው።

በሰከንዶች የሚያልቅ ምርመራ ፖሊስ የሚያደርገውንም ለወጠ። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ በ1976፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በታኅሣሥ 1982 ምንም ጥርጣሬ ሳይኖር ማንኛውንም አሽከርካሪ አስቁሞ ማስነፋትን ፈቀዱ። በኒው ሳውዝ ዌልስ የመንገድ ሞት ወዲያው ቀነሰ፤ ፖሊስ ፍተሻውን በሰፊውና ሳያቋርጥ ስላካሄደውም ውጤቱ እንደ ብሪታንያ በአጭሩ አልከሰመም። ደም በመቅዳት እንዲህ ያለ ፍተሻ ማድረግ የማይሞከር ነው። በአዲስ አበባም የትራፊክ ፖሊሶች በማታ ፍተሻ የሚይዙት በእጅ የሚያዘው መመርመሪያ የዚሁ ዘር ነው።

ትንፋሽ በሳይንሱም በኩል ደም የሌለው አንድ ጥንካሬ አለው። አልኮል ገና ከሆድ ወደ ደም በሚገባበት ሰዓት፣ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ቅዳ ደም ከክንድ የደም መልስ ከሚቀዳው የበለጠ አልኮል ይይዛል። ትንፋሽ የሚከተለው ወደ አንጎል የሚሄደውን ነው። ሬሾውም ቢሆን ለአሽከርካሪው ያዳላል። የብዙ ሰው ትክክለኛ ሬሾ ከ2,100 ከፍ ስለሚል፣ መሣሪያው የሚያሳየው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከደሙ ጥቂት ያንሳል።

ድካሞቹም የታወቁ ናቸው። ገና አሁን የጠጣ ወይም ያስመለሰው ሰው በአፉ የቀረው አልኮል ንባቡን ከልክ በላይ ስለሚያንረው፣ ከምርመራው በፊት ቢያንስ 15 ደቂቃ ምንም ሳይቀምስ መጠበቅ ደንብ ሆኗል። ትንፋሹን ይዞ የቆየ ሰው ንባቡ ከፍ ይላል፣ ቶሎ ቶሎ የተነፈሰ ደግሞ ዝቅ ይላል። የስኳር ሕመምተኛ የሚያወጣው አሴቶን የቀድሞዎቹን የኢንፍራሬድ መሣሪያዎች ሊያደናግር ይችል ነበር፤ ፊውል ሴል ግን አሴቶንን አያውቀውም፣ አዳዲሶቹም በብዙ ሞገድ እየለኩ ይለዩታል። ሚንት ከረሜላና ሽንኩርት፣ የመጠጥ ቤት ጥበብ የሚለውን ቢል፣ ሽታን እንጂ አልኮልን አይደብቁም። ከሁሉ የከፋው ስህተት ከመሣሪያው ሳይሆን ከመሣሪያው ጠባቂ ይመጣል። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ከ20,000 በላይ የትንፋሽ ውጤቶች በማስረጃነት እንዳይቀርቡ ያገደው፣ መሣሪያዎቹ ሲስተካከሉ መደረግ የነበረበት የቴርሞሜትር ፍተሻ ስለተዘለለ ነው።

በሕግ በኩል የትንፋሽን ብልጫ በግልጽ የተናገረው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ በ1966 በሽመርበር ጉዳይ፣ አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ከገባ አሽከርካሪ ያለ ፈቃዱና ያለ ማዘዣ ደም መቀዳቱን በአምስት ለአራት ድምፅ ፈቅዶ ነበር። በ2016 በበርችፊልድ ጉዳይ ግን ሁለቱን ምርመራዎች ለያየ። በሕግ የተያዘ አሽከርካሪ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ትንፋሹን እንዲሰጥ ሊገደድ ይችላል፤ ደሙን ግን በዚያው መብት መውሰድ አይቻልም። ምክንያቱም ትንፋሽ ሰውየው በማንኛውም ጊዜ የሚያስወጣው ነገር ነው፤ የሚገልጸውም የአልኮሉን መጠን ብቻ ነው። ደም ግን ቆዳ ተበስቶ የሚወጣ ነው፤ ከአልኮል ሌላ ብዙ ነገር የሚናገር ናሙና ሆኖም በመንግሥት እጅ ይቀራል።

ደም የራሱን ሥራ አልለቀቀም። የሞተ ሰው አይነፋም፤ ክፉኛ የተጎዳም እንዲሁ። በርችፊልድ ከተወሰነ ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ፍርድ ቤት ራሱን ስቶ መንፋት ያልቻለን አሽከርካሪ ደም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማዘዣ መቅዳት እንደሚቻል ተናግሯል። አደንዛዥ ዕፅ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ አሽከርካሪም የአልኮል መመርመሪያው ዜሮ ስለሚያሳይለት፣ ፖሊስ በዚህ ጊዜ የሚመለሰው ወደ ደም ነው።